ቦታ ፍለጋ የሚጠፋው ጊዜ

በናይሮቢ ከተማ፥ በኢስትሊ ሠፈር፥ በመምህራን ማኅበር ጉባኤ የተደረገ ንግግር




 እንደ ልማዱ ቢሆን፥ ከመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት የመጣ ሰው ስለ ማስተማር ዘዴ፥ ስለ ፈተና አሰጣጥ ወይም ስለ ሕፃናት ጠባይ እንዲናገር ይጠበቃል። እኔ የመረጥሁት ርእስ ግን ለጆሮ እንግዳ ሳይሆን አይቀርም። ይኸውም ኮምፒውተር ከውጭ የሚደርሰውን መልእክት ለመቀበል በማኅደረ ትውስታው ውስጥ ቦታ ሲፈልግና ሲያሰናዳ ምን ያህል ጊዜ እንደሚያጠፋ፥ ይህንንም ብክነት ለመቀነስ የጥበቡ ሊቃውንት ምን እንዳደረጉ የሚያስረዳ ነው። ይህ የመሐንዲስ እንጂ የመምህር ጉዳይ አይደለም የሚል ቢኖር አልፈርድበትም፤ እኔም ከጥቂት ጊዜ በፊት እንዲሁ አስብ ነበርና። አሳቤን ያስለወጠኝ በገዛ ክፍሌ ውስጥ የፈጸምሁት ስሕተት ስለ ሆነ፥ አስቀድሜ ስሕተቴን ልንገራችሁ። በንግግሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በምንኖርበት አገር ልማድ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር የተነገሩ መሆናቸውንም ከወዲሁ አስታውቃለሁ።

በዚሁ በኢስትሊ፥ ከፈርስት አቬኑ ብዙ ባልራቀ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፥ ቀን በሥራ የሚውሉ ወገኖቻችን ማታ የሚማሩበት አንድ ክፍል አለን። በክፍሉ 20 ኮምፒውተሮች ይገኛሉ። በማእዘኑ ደግሞ አንድ አሮጌ ማሽን ተቀምጧል፤ እርሱም የትምህርቱን ጽሑፎች ያስቀምጣል፥ ለሌሎቹም የኢንተርኔት በር ሆኖ ያገለግላል። ማኅደረ ትውስታው 1 ጊጋ ባይት ብቻ ሲሆን፥ የሚሠራውም ሊኑክስ በሚባለው ሥርዓተ ክወና ነው። ይህ ማሽን ቀኑን ሙሉ ያለ እንከን ሲያገለግል ይውልና፥ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ሲሆን ትንፋሹ ይቆረጥ ነበር። ገጾች አይከፈቱም፤ ከሩቅ የሚሰጠው የድምፅ ትምህርት ይቆራረጣል፤ ተማሪዎቹም እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። ከአንድ ሰዓት ያህል በኋላ ነገሩ ሁሉ በራሱ ይስተካከላል።

በዚያው ወራት ከሁሉ ዘግይቶ የሚመጣ አንድ ተማሪ ነበረን። በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ሸክም ሲያወጣና ሲያወርድ የሚውል ወጣት ስለ ሆነ፥ ሱቁ ሳይዘጋ ወደ ትምህርት ሊመጣ አይችልም። እርሱ ገብቶ ኮምፒውተሩን በከፈተ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መስመሩ ሲታነቅ ደጋግሜ አየሁ። ሁለቱን ነገሮች አጋጥሜ ፍርድ ሰጠሁ። በጓደኞቹ ፊት፥ «አንተ በዚህ መስመር ፊልም እያወረድህ ወንድሞችህን ትበድላለህ» አልሁት። እርሱም፥ «መምህር፥ እኔ ያዘዙኝን መልመጃ ከመሥራት በቀር ሌላ የነካሁት የለም» ብሎ መለሰልኝ። አላመንሁትም፤ ለ2 ሳምንት ወደ ኮምፒውተር እንዳይቀርብ ከለከልሁት።

መስመሩ ግን እርሱ በሌለበትም በዚያችው ሰዓት ታነቀ። ይህን ባየሁ ጊዜ ወደ ራሴ መመለስ ይገባኝ ነበር። እኔ ግን ጥፋቱን ከተማሪው አንሥቼ ወደ ኢንተርኔት አቅራቢው አዞርሁና፥ የክፍሉ ኮሚቴ ዋጋው ከፍ ያለ ፈጣን መስመር እንዲገዛ አሳመንሁ። ገንዘቡ ከተማሪዎች መዋጮ ወጣ፤ ውሉም ለ1 ዓመት ተፈረመ። አዲሱ መስመር በገባ ማግሥት፥ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ሲሆን፥ ያው መታነቅ እንደ ልማዱ መጣ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንደሚባለው ሆነ።

የማሽኑን የውስጥ መዝገብ ገልጬ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበብሁት ያን ጊዜ ነው። በመዝገቡ ያገኘሁትን ከመናገሬ በፊት ግን፥ ነገሩ በሚገባ እንዲብራራ፥ መልእክት ወደ ኮምፒውተር እንዴት እንደሚገባ ጥቂት ላስረዳ።

በኢንተርኔት የሚላክ ነገር ሁሉ፥ ደብዳቤም ሆነ ድምፅ ወይም ሥዕል፥ ሳይቆራረጥ እንዳለ አይጓዝም። ፓኬት በሚባሉ ትንንሽ እሽጎች ተከፋፍሎ፥ በእያንዳንዱም ላይ የላኪውና የተቀባዩ አድራሻ ተጽፎበት ይላካል። የተለመደው ትልቁ እሽግ 1500 ባይት የሚይዝ ነው። እሽጉ በደረሰ ጊዜ የሚቀበለው የሥርዓተ ክወናው እምብርት፥ ከርነል የተባለው ክፍል ነው። ከርነል እንደ ትልቅ ቤት መጋቢ ነው፤ እያንዳንዱ ሥራ ምን ያህል ቦታ፥ ለምን ያህል ጊዜ እንዲይዝ የሚወስነው እርሱ ነው። ለእያንዳንዱ እሽግም ቦታ የሚያሰናዳው ሁለት ጊዜ ነው። አንደኛው እሽጉ ራሱ የሚያርፍበት ሲሆን፥ ሁለተኛው እሽጉ ከየት እንደ መጣ፥ ወዴት እንደሚሄድ፥ ምን እንደ ተደረገለት የሚጻፍበት መዝገብ ነው። በሊኑክስ ይህ መዝገብ ብቻውን ከ200 ባይት በላይ ይፈጃል። እሽጉ ወደ ባለቤቱ ከደረሰ በኋላ ሁለቱም ቦታዎች ተለቅቀው ወደ ግምጃ ቤት ይመለሳሉ።

ይህ ሁሉ ለአንድ እሽግ ሲሆን እንደ ኢምንት ነው። ብዛቱን ለማየት ግን የአንደኛ ደረጃ ሒሳብ ይበቃልና፥ በክፍላችሁ ልትሠሩት የምትችሉት ምሳሌ ልስጥ። በኤተርኔት መስመር የሚላክ ትንሹ እሽግ 64 ባይት ነው። በፊቱ 8 ባይት የማስጠንቀቂያ ምልክት ይቀድመዋል፤ ከበስተኋላው ደግሞ የ12 ባይት ያህል ክፍት ቦታ ይተዋል። ድምሩ 84 ባይት ይሆናል። አንድ ባይት 8 ቢት ስለ ሆነ፥ 84 በ8 ሲባዛ 672 ቢት ነው። በሰከንድ 1 ቢሊዮን ቢት በሚያሳልፍ መስመር አንዱ እሽግ ሌላውን የሚከተለው በ672 ናኖ ሰከንድ ነው፤ ናኖ ሰከንድ ማለት የሰከንድ ቢሊዮንኛ እጅ ነው። በሰከንድ 10 ቢሊዮን ቢት በሚያሳልፍ መስመር ግን ጊዜው ወደ 67.2 ናኖ ሰከንድ ይወርዳል፤ ይህም በየሰከንዱ 14.88 ሚሊዮን እሽግ ማለት ነው። በሰከንድ 3 ቢሊዮን ጊዜ የሚመታ ፕሮሰሰር ቢኖረን፥ ለእያንዳንዱ እሽግ የሚደርሰው 200 ምት ያህል ብቻ ይሆናል።

በእነዚህ 200 ምቶች ውስጥ ቦታ መፈለግ፥ ቦታውን ማሰናዳት፥ አድራሻ ማንበብ፥ መንገድ መምረጥና ማስረከብ ሁሉ መፈጸም አለባቸው። ዬስፐር ዳንጎርድ ብሮወር የተባለ የሊኑክስ ከርነል ሠሪ በ2015 ባቀረበው ልክ፥ ፕሮሰሰሩ የሚፈልገውን ነገር በቅርቡ ካለችው ፈጣን ማኅደር አጥቶ ወደ ዋናው ማኅደረ ትውስታ አንድ ጊዜ ቢሄድ፥ በመሞከሪያው ማሽን ላይ 32 ናኖ ሰከንድ ይፈጅበት ነበር። እንግዲህ ሁለት ጊዜ ቢመላለስ ከ67.2 ውስጥ 64ቱ አለቀ ማለት ነው፤ ገና ምንም ሥራ ሳይሠራ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ እለምናለሁ። ይህ ድካም የሚቈጠረው በእሽጉ ክብደት ሳይሆን በእሽጎቹ ቍጥር ነው። ትልቁ እሽግ ከነተጨማሪው 1538 ባይት ስለሚሆን፥ በዚያው ፈጣን መስመር 1230 ናኖ ሰከንድ ያህል ፋታ ይሰጣል። ፋታ የማይሰጡት ትንንሾቹ ናቸው። የዚህ ሠፈር ኑሮ ደግሞ የቆመው በትንንሽ መልእክቶች ነው። ኤም ፔሳ በኬንያ በ2007፥ በአገራችንም ቴሌብር በ2021 ሥራ ከጀመሩ ወዲህ፥ የድሀውም ሆነ የባለጠጋው ገንዘብ የሚተላለፈው በአጫጭር ቃል ነው። የስልክ ድምፅም ወደ ኢንተርኔት ሲገባ በትንንሹ እየተቆረሰ ይሄዳል። «ደረሰኝ» የሚለው የማሽኖች ምላሽም እንዲሁ አጭር ነው። ለባለ ጉዳዩ ታላቅ የሆነው ነገር ለከርነሉ ትንሽ እሽግ ነው፤ ከርነልን የሚያደክመውም የትንንሾቹ ብዛት ነው።

ቀድሞ ይህ ድካም አይታይም ነበር። እስከ 2009 ድረስ ምሥራቅ አፍሪካ ከዓለም ጋር የሚገናኘው በአብዛኛው በሳተላይት ስለ ነበረ፥ መዘግየት ሁሉ የመንገዱ ነበር። በዚያ ዓመት ሲኮምና ቲምስ የተባሉት የባሕር ውስጥ ገመዶች ሞምባሳ በደረሱ ጊዜ ግን መንገዱ ፈጠነ። መንገድ ሲፈጥን ደግሞ የቤት ውስጥ ዝግታ ይገለጣል። በር ላይ የሚያስቆም እንግዳ ተቀባይ ያለው ቤት፥ አውራ ጎዳና ቢሠራለት እንግዳው ቶሎ ደርሶ ደጅ ይጠናል እንጂ ቶሎ አይገባም።

ቦታ መፈለግ ለምን እንዲህ ውድ ሆነ? በዚህ ሠፈር ያለ አንድ ባለ ሱቅ በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱ። ጋሪሳ ሎጅ የተባለው ማደሪያ ቤት ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ወደ ሱቅነት ከተለወጠ ወዲህ በኢስትሊ እንደ በዙት ሱቆች ሁሉ፥ የእርሱም ሱቅ ሁለት ሰው የማታስቆም ጠባብ ናት፤ ዕቃው ግን በአራተኛ ፎቅ መጋዘን ተከማችቷል። ካልሲ የሚገዛ ሰው በመጣ ቍጥር ሱቁን ትቶ ደረጃ ቢወጣ፥ የመጋዘኑን ቍልፍ ለማግኘት ከሌሎች ነጋዴዎች ጋር ቢሰለፍ፥ ጆንያውን ፈትቶ 1 ጥንድ ብቻ ይዞ ቢወርድ፥ ካልሲው ርካሽ ሆኖ ሳለ መውጣት መውረዱ ትርፉን ይበላዋል። በከርነልም ውስጥ እንዲሁ ነው። የጋራው ግምጃ ቤት ብዙ ፕሮሰሰሮች የሚካፈሉት ስለ ሆነ፥ አንዱ ሲገባ ሌላው ይጠብቃል። የተገኘውም ቦታ የቀድሞ ባለቤቱ የተወውን ስለሚይዝ፥ አዲሱን መዝገብ ለመጻፍ ማጽዳትና ማሰናዳት ያስፈልጋል። ከዚህ ሁሉ በላይ፥ እሽግ በሚደርስበት ቅጽበት ከርነሉ «ቦታ እስኪለቀቅ ልጠብቅ» ብሎ የመተኛት ነጻነት የለውም፤ ወዲያው ካላገኘ እሽጉን ከመጣል በቀር ምርጫ የለውም።

ሊቃውንቱ ለዚህ ችግር ያገኙት መድኃኒት በአንድ ቀን የተወለደ አይደለም። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፥ በበርክሊ፥ በ1983 የወጣው 4.2 ቢኤስዲ የተባለው የዩኒክስ ሥርዓት፥ ለኔትወርክ ሥራ መጠናቸው እኩል የሆነ ትንንሽ ማኅደሮችን ለይቶ አዘጋጀ። እያንዳንዳቸው 128 ባይት ሲሆኑ፥ 112ቱ ለመልእክቱ የተተዉ ነበሩ። ረዘም ያለ መልእክት ሲመጣ እንደ ዶቃ አንዱን ከሌላው ጋር ያያይዙታል። ሁሉም እኩል ስለ ሆኑ መስጠትም መቀበልም ቀላል ሆነ፤ ልክ የሚመርጥ የለምና።

በ1994 ደግሞ ጄፍ ቦንዊክ የተባለ የሶላሪስ ሠሪ ሌላ ነገር አስተዋለ። ብዙ ጊዜ ውዱ ነገር ቦታውን ማግኘት ሳይሆን፥ የተገኘውን ቦታ ለአገልግሎት ማሰናዳት መሆኑን ተመለከተ። ስለዚህ መዝገቡ አገልግሎቱን ሲፈጽም ቅርጹን አፍርሶ ባዶ መሬት አድርጎ ከመመለስ፥ እንደ ተሰናዳ ለሚቀጥለው ማቆየት ይሻላል ብሎ «ስላብ» የተባለውን አሠራር አወጣ። ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በዚሁ በኢስትሊ ቡና የምታፈላ እኅታችን ለእያንዳንዱ እንግዳ አዲስ ስኒ ልታሠራ ወደ ሸክላ ሠሪ አትሄድም። እንግዳው ጠጥቶ ሲያስቀምጥ ስኒውን አለቅልቃ በረከቦቱ ላይ ትመልሰዋለች፤ የሚቀጥለው እንግዳ ገና ሲቀመጥ ስኒው ዝግጁ ነው።

በ1991 በሊነስ ቶርቫልድስ የተጀመረው ሊኑክስም ይህንኑ አሠራር ተቀበለ። በ2007 ክሪስቶፍ ላሜተር ሥርዐቱ ቀለል ያለ፥ ለብዙ ፕሮሰሰሮችም የሚስማማ ሌላ አሠራር አስገባ። ሁለቱ ለብዙ ዓመታት ጎን ለጎን ከኖሩ በኋላ፥ አሮጌው በ2024 ከሊኑክስ ምንጭ ጽሑፍ ጨርሶ ወጣ። ከ2015 ጀምሮም መዝገቦቹን አንድ በአንድ ከማመላለስ ይልቅ በብዛት ባንድ ጊዜ መውሰድና መመለስ የሚያስችል መንገድ ተከፈተ። የእኛ ነጋዴ ካልሲውን በደርዘን አውርዶ በመደርደሪያው ላይ እንደሚያቆይ ማለት ነው፤ አንድ ጊዜ ቢወጣ ለ12 ገዥ ይበቃዋል።

በ2018 ደግሞ ለኔትወርክ ካርዶች ብቻ የተለየ የገጽ ማጠራቀሚያ በከርነሉ ተጨመረ። ገጽ ማለት አብዛኛውን ጊዜ 4096 ባይት የሆነ የማኅደረ ትውስታ መስፈሪያ ነው። እሽጉ ያረፈበት ገጽ አገልግሎቱን ሲፈጽም ወደ ጋራው ግምጃ ቤት አይሄድም፤ ወደ መጣበት ወደዚያው ካርድ ማጠራቀሚያ ይመለሳል። ካርዱም ገጹን አስቀድሞ ስለሚያውቀው፥ ሁለተኛ ጊዜ ማስተዋወቅ አያስፈልግም፤ ይህም ራሱን የቻለ ትልቅ ቍጠባ ነው። በ2021 ይህ መልሶ መጠቀም በተለመደው መንገድ ለሚያልፉ እሽጎችም እንዲደርስ ተደረገ።

እንግዲህ የአርባ ዓመት ድካም በሦስት ቃል ይጠቃለላል፤ አስቀድሞ ማሰናዳት፥ ባንድነት ማመላለስ፥ ያገለገለውን መልሶ መጠቀም። የሆነ ሆኖ ሦስቱም ዋጋ ያስከፍላሉ። አስቀድሞ የተያዘ ቦታ ሥራ ባይኖረውም ሌላ ሥራ እንዳይጠቀምበት ያግዳል። መልሶ የሚሠራበት ቦታ በሚገባ ካልጸዳ የቀድሞው ባለቤት ምስጢር ለአዲሱ ሊታይ ይችላል። የተዋሰውን ገጽ የማይመልስ ፕሮግራም ካለም ማጠራቀሚያው ይደርቃል። ስለዚህ ሊቃውንቱ መጀመሪያ የሚያደርጉት መለካት ነው፤ ጊዜው ወዴት እንደ ሄደ ሳያዩ የሚጨምሩት መድኃኒት የለም። እኔ ያጐደልሁትም ይህንኑ ነበር።

አሁን ወደ ማታው ክፍላችን ልመለስ። የማሽኑን መዝገብ በገለጥሁ ጊዜ፥ በየቀኑ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ጀምሮ አንድ ቃል ተደጋግሞ ተጽፎ አገኘሁ፤ ገጽ መመደብ አልተቻለም፥ ደረጃ 3 የሚል ነው። ይህ ቃል ምን ማለት እንደ ሆነ ለመረዳት ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ። ሊኑክስ ገጾችን የሚያከፋፍለው ኬኔዝ ኖልተን በ1965 ባሳተመው ጥንታዊ ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ ትልቁ ቦታ ለሁለት፥ ሁለቱም እንደ ገና ለሁለት እየተከፈሉ ይሰጣሉ፤ ሲመለሱም ጎረቤታሞቹ መልሰው ይጋጠማሉ። መጠኑ ሁልጊዜ በእጥፍ ስለ ሆነ፥ ደረጃ 3 ማለት 2 በ2፥ እንደ ገናም በ2 ተባዝቶ 8 ገጽ ይሆናል፤ ያውም ጎን ለጎን የተያያዙ 8 ገጾች፥ ባንድነት 32,768 ባይት።

ለአንድ እሽግ ይህን ያህል ቦታ የጠየቀው ማን ነው? መልሱ አሳፈረኝ። ከዚያ አንድ ዓመት በፊት የትምህርት ጽሑፎች ቶሎ እንዲቀዱ ብዬ፥ የማሽኑ ካርድ እስከ 9000 ባይት ድረስ የሆነ እሽግ እንዲቀበል ያዘዝሁት እኔ ራሴ ነበርሁ። ያ ካርድ የሚያውቀው መስፈሪያ 2048፥ 4096፥ 8192 እና 16,384 ባይት ብቻ ነው። 9000 በ8192 አይገባምና 16,384 ተያዘለት። ከርነሉም ለራሱ ጥቂት ባይት ሲጨምርበት ልኩ 16,384ን ስላለፈ፥ በእጥፍ ደንብ 32,768 ሆነ። የሚደርሰው እሽግ የ64 ባይት እንኳ ቢሆን፥ መጠኑ አስቀድሞ ስለማይታወቅ የሚጠብቀው ይኸው ሰፊ ቤት ነው።

ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ደግሞ ማሽኑ የቀኑን ጽሑፎች ሁሉ ወደ መጠባበቂያ ዲስክ እንዲገለብጥ ሌላ ትእዛዝ ነበረው፤ ያንንም የሰጠሁት እኔ ነኝ። ግልበጣው ሲጀመር ማኅደረ ትውስታው በየገጹ ይያዛል፥ በየገጹ ይለቀቃል። ስለዚህ ባዶ ገጽ እዚህም እዚያም ይገኛል፤ የተያያዙ 8 ገጾች ግን አይገኙም። ባዶ ቦታዎችን በየደረጃቸው የሚቈጥረውን ሰሌዳ ብመለከት፥ በነጠላው ረድፍ ብዙ፥ በ8ቱ ረድፍ ግን 0 ተጽፎ አየሁ። በአንድ ትልቅ የኪራይ ሕንፃ በየፎቁ አንድ አንድ ክፍል ባዶ ሆኖ ሳለ፥ ስምንት ክፍል ጎን ለጎን የሚፈልግ ቤተ ሰብ ቦታ አጥቶ እንደሚመለስ ያለ ነው። ከርነሉም መጠበቅ ስለማይችል እሽጎቹን ጣለ፤ ላኪዎቹም መጥፋታቸውን አይተው አላላካቸውን ቀነሱ፤ እኛም መስመሩ ታነቀ አልን።

የእኛ በሽታ ከላይ እንደ ተነገረው በናኖ ሰከንድ የሚቈጠር ድካም አልነበረም፤ አሮጌ ማሽናችንና ጠባብ መስመራችን ከዚያ ደረጃ አይደርሱም። ነገር ግን የአንድ ቤት በሽታ ነው፤ ለሚመጣው እንግዳ ቦታን በልኩና በጊዜው አለማሰናዳት። መድኃኒቱም አንድ ሽልንግ አላስወጣም። የእሽጉን መጠን ወደ 1500 መለስሁ፤ ግልበጣውን ወደ ሌሊቱ 6 ሰዓት አዛወርሁ፤ ከርነሉ ለአስቸኳይ ጊዜ የሚያስቀምጠውንም መጠባበቂያ ጥቂት ከፍ አደረግሁ። በማግሥቱ ምሽት 1 ሰዓት ተኩል መጣ፥ ሄደም፤ ማንም አላስተዋለውም።

ያ ወጣት ሁልጊዜ ዘግይቶ የሚመጣው ሱቁ ሲዘጋ ነው፤ ሱቁ የሚዘጋውም ግልበጣው ከሚጀመርበት ሰዓት ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ወንጀሉ ይኸው ነበር። በጓደኞቹ ፊት ስለ ከሰስሁት ይቅርታም የጠየቅሁት በዚያው በጓደኞቹ ፊት ነው፤ የመዝገቡንም ጽሑፍ በሰሌዳ ላይ ገልብጬ ለሁሉም አስነበብሁ። እርሱም በትሕትና ይቅር አለኝ፤ ቀጥሎም፥ «መምህር፥ ይህ ጽሑፍ እኔን በከለከሉኝ ቀን በማሽኑ ውስጥ ነበረን?» ብሎ ጠየቀኝ። ነበረ። እያንዳንዱ ምሽት ከነሰዓቱ ተጽፎ ነበር፤ ያላነበብሁት እኔ ነኝ። የ2ቱ ሳምንት ትምህርቱን ልመልስለት አልቻልሁም፤ የተማሪዎቹም መዋጮ በ1 ዓመት ውል ታስሮ ቀረ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ያፈሰስሁት ግን ሁሉም የሚለቀም አልነበረም።

ክቡራን ሆይ፥ ከዚህ ታሪክ ለጉባኤው ሦስት አሳቦችን ላቅርብ።

የመጀመሪያው ለትምህርት ሹማምንት ነው። ከትምህርት ቤት፥ «መስመሩ ዘገየ፥ ማሽኑ አረጀ» የሚል የግዥ ጥያቄ ሲደርሳችሁ፥ ከጥያቄው ጋር ልክ እንዲቀርብ እዘዙ። መታነቁ በስንት ሰዓት እንደ ጀመረ፥ ያን ጊዜ በማሽኑ ላይ ሌላ ምን ሥራ እንደ ነበረ፥ የማሽኑ መዝገብ ምን እንደሚል በአንድ ገጽ ተጽፎ ይምጣ። ይህን የሚያሳዩ መሣሪያዎች ከሊኑክስ ጋር በነጻ የሚገኙ ናቸው። በዚህ አንድ ገጽ የሚድነው ገንዘብ የድሀ ልጆች ገንዘብ ነው።

ሁለተኛው ለመምህራን ነው። ይህን ጥበብ በገዛ ቋንቋችን ከማስተማር አንፈር። እንግዳ ቃል ሲያጋጥመን እንደ ተጠራበት ብንተወው ነውር የለበትም፤ አሳቡ ግን ከረከቦትና ከስኒ፥ ከመጋዘንና ከኪራይ ቤት ሊወጣ ይችላል። 84ን በ8 ማባዛት የሚችል ተማሪ፥ ሊቃውንቱ ለምን ስለ 67 ናኖ ሰከንድ እንደሚጨነቁ ሊረዳ ይችላል። ሒሳብ ለምን እንደሚማር የሚጠይቅ ልጅም ከዚህ የበለጠ መልስ አያገኝም። እኛ በማሠልጠኛው ትምህርት ቤት ዕጩ መምህራን በየክፍላቸው ያለውን አንድ ማሽን መዝገብ እንዲያነቡና ያነበቡትን በአማርኛ እንዲያብራሩ ማድረግ ጀምረናል። አንዳንዱ ይሳሳታል፤ ነገር ግን የተሳሳተበትን ቦታ በጣቱ ማሳየት ይችላል።

ሦስተኛው ለሁላችንም ነው። ሁለት ነገሮች ባንድ ሰዓት ስለ ደረሱ አንዱ የሌላው ምክንያት ነው ብለን በተማሪ ላይ አንፍረድ። የሚዘገይ፥ የሚያንቀላፋ፥ ደብተሩን ያልያዘ ልጅ ባየን ጊዜ፥ ከቅጣቱ በፊት ልናነበው የሚገባ መዝገብ አለ። ኮምፒውተር መዝገቡን ሳይጠየቅ ይጽፋል፤ ልጅ ግን ካልጠየቁት አይናገርም፤ ከከሰሱት በኋላ ደግሞ ዝም ይላል።

ያ አሮጌ ማሽን ዛሬም በማእዘኑ አለ። አልለወጥነውም፤ ማኅደረ ትውስታም አልጨመርንለትም። 20ውን ኮምፒውተሮች ያስተናግዳል፤ በየሳምንቱ አንድ ተማሪ በተራው መዝገቡን ያነባል፥ ያገኘውንም ለክፍሉ ይናገራል። ከእነርሱም መካከል ያ ወጣት አንዱ ነው።